ለዳዊት ቁልፍ የተመረጡ ፒኖች

የቁልፍ ሥራ ሱቄን ከእኔ የተረከበው ሰው ሰሞኑን መጥቶ፣ «እህቴ፣ የመቆለፊያ ፒኖቹ አልቀዋል፤ የትኛውን ሳጥን ልግዛ? ትንሹን ወይስ ትልቁን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለቱንም» አልኩት። ከሰው ጋር ረጅም ወሬ አይሆንልኝም፤ ገና ስጀምር ላብ ያጠምቀኛል። ያለ ነገር ወጪ ላስወጣው የፈለግሁ መስሎት ነው መሰለኝ ቅር እያለው ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን መልሱ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በአፌ ያልወጣውን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሰኝ።

ከሥራው የወጣሁት በእድሜ አይደለም፤ ገና ወጣት ነኝ። እጄ ነው ያስወጣኝ። የቁልፍ ብናኝ መጀመሪያ ጣቶቼን ያሳክከኝ ነበር፤ ኋላ ማቁሰል ጀመረ። ጓንት ሳደርግ ፒኖቹ አይጨበጡልኝም፤ ሳወልቅ ቆዳዬ ይላጣል። ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አይቶ፣ «ወይ ሥራሽን ወይ ቆዳሽን ምረጪ» አለኝ። አሁን እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት የመጋረጃ ጠርዝ እሰፋለሁ። ጨርቅ ዝም ይላል። ብረት ግን ያናግረኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚናፍቀኝ።

ናይሮቢ ያመጣችኝ አክስቴ ብርቄ ናት፣ በሞያሌ በኩል። አክስቴ ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር ውስጥ በእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ጓሮ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ቁልፍ ሠሪው ጋሽ ኑሩ ሱቁ ከምግብ ቤቱ ማዶ ነበር። እስላም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ረቡዕና ዓርብ ግን የጾም በየዓይነቱ ሊበላ ይመጣል። አንድ ዓርብ በልቶ ሲጨርስ ወደ ወጥ ቤት አንገቱን አስገባ።

«ከዚህ ቤት ምስር በልቼ ጠጠር ነክሼ አላውቅም። የሚለቅመው ማነው?»

አክስቴ በማማሰያዋ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ ሰፌዱ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

«ይህችን ልጅ ስጡኝ» አለ።

«ለትዳር ከሆነ እድሜዎ አልፏል ጋሼ» አለችው አክስቴ።

«ለፒን ነው።»

«ፒን ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ወጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሱቁ ሄድኩ።

ሱቁ ሁለት ክንድ ቢዘረጋ ግድግዳውን የሚነካ ጠባብ ቤት ነበር። አንድ ብረት የሚነክስ ሞርሳ፣ አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ገና ጥርስ ያልወጣላቸው ጥሬ ቁልፎች፣ መስታወት የተነጠፈበት ጠረጴዛ። ጋሽ ኑሩ ሥራውን የተማረው ከተማ መሀል ይሠራ ከነበረ አንድ ህንዳዊ ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ መቆለፊያ ፈትቶ ሆዱን አሳየኝ። የሚዞረው ክፍል ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ። በየቀዳዳው ውስጥ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ፒኖች አንዱ ባንዱ ላይ ቆመዋል፤ የታችኛው የቁልፉ ጥርስ ላይ ያርፋል፣ የላይኛውን ጥምዝምዝ የሽቦ ሞላ ይጫነዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የሁለቱ መገናኛ ከሚዞረው ክፍል ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይዞራል። የታችኛው ፒን በፀጉር ያህል ቢረዝም ወይም ቢያጥር አይዞርም። ሰው ቁልፍ ጠፍቶበት ሲመጣ መቆለፊያውን አንጥልም። የታችኞቹን ፒኖች አውጥተን ለአዲስ ቁልፍ የሚስማሙ እንተካለን። ሥራው በአጭሩ ይኸው ነው። ችግሩ ፒን መምረጥ ላይ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። ትንሹ ለአንድ ዓይነት መቆለፊያ ብቻ ፋብሪካው ራሱ የሠራው ነው። ፒኖቹ በቁጥር ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቦ ከየጎጆው ማንሳት ነው። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው። ትልቁ ለማንኛውም መቆለፊያ የሚሆን ነው፤ ፒኖቹ በጣም በጥቂቱ እየረዘሙ ይሄዳሉ፣ የፋብሪካ ቁጥር አያውቁም። በእሱ ለመሥራት የቁልፉን ጥርስ አንድ በአንድ ካሊፐር በሚባል መለኪያ መለካት ያስፈልጋል። ሦስተኛም ዓይነት ነበር፤ ገበያ ውስጥ በከረጢት ተደባልቆ በሚዛን የሚሸጥ። ጋሽ ኑሩ እሱን ደጃፉ አያስደርስም። ከእሱ ገዝተው ያልገጠመውን በሞረድ የሚያሳጥሩ ሠሪዎች ነበሩ። «በሞረድ የተስተካከለ ፒን ዛሬ ይታዘዝልሻል፤ በዝናብ ይክድሻል» ይለኝ ነበር።

ፒን ከማስገባቱ በፊት መስታወቱ ላይ በጣቱ ያንከባልለዋል። ቀጥ ብሎ ከሄደ ይቀበለዋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ካለ ከመንገድ ማዶ ይወረውረዋል። መቆለፊያ በዘይት አያለሰልስም፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል ይላል። የመጻፊያ እርሳስ ውስጡን ፍቆ ዱቄቱን በወረቀት ቱቦ እፍ ይልበታል። ያወጣቸውን አሮጌ ፒኖች ደግሞ አያስቀርም። በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ በዚያው ቁልፍ የሚከፈት ሌላ በር ካለ ፒኑን ያገኘ ሰው ለክቶ ቁልፉን ሊቀርጽ ይችላልና። ደንበኞች፣ «ምን ላድርገው?» ሲሉት፣ «የቤትሽ ነገር ነው፣ እኔ ጋ ምን ይሠራል?» ይላል። ከእኔ ጋር ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር እንውላለን። መንገደኞች እኔን «ዳዳ ፉንዲ» ይሉኛል፣ በስዋሂሊ እህት ባለሙያ ማለት ነው። እሱ ይስቅና፣ «ስም ወጣልሽ፤ አሁን ድምፅሽ ቢወጣ ምን አለ» ይለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ስንሠራ የእትዬ ዘነበች ነገር መጣ።

እትዬ ዘነበች አንድ ልጅ ነበራት፣ ዳዊት። ከብዙ ወጣቶች ጋር በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሊሄድ ሲል ልትከለክለው ስላልቻለች፣ የቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰረችለት። «ሳትነግረኝም ብትመጣ፣ ቤት ባልኖርም ግባ» ብላው ነበር። ከመንገድ ጥቂት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ጠፋ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት መጣ። እሷም ያንን ቁልፍ የሚከፍት በር እስካለ ልጄ መመለሻ አለው ብላ ኖረች።

አንድ ቀን ጊጊሪ ሰፈር ላሉ ቢሮዎች ምግብ አድርሳ ስትመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሌቦች ቦርሳዋን ወሰዱባት። ቦርሳው ውስጥ ቁልፏና አድራሻዋ ያለበት ወረቀት ነበሩ። በቀጥታ ወደ እኛ ሱቅ መጣች።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይቀይሩልኝ» አለች። ከዚያ ቆም አለች። «ግን የልጄ ቁልፍ መክፈት አለበት።»

ጋሽ ኑሩ መነጽሩን አወለቀ። «የልጅሽ ቁልፍና የተሰረቀው አንድ ናቸው ዘነበች።»

«አውቃለሁ።»

«መቆለፊያ እጅ አያይም። ጥርስ ነው የሚያየው። ለልጅሽ ከከፈተ ለሌባውም ይከፍታል።»

እትዬ ዘነበች ማዶ ወዳለው ግቢዋ ዞር ብላ አየች። መኖሪያዋም የሆነው የምግብ ቤቱ ግቢ በጀርባው በኩል ወደ ኮረኮንቹ መንገድ የምታስወጣ ትንሽ የብረት በር አለችው። የቤቱ በርና ይህቺ በር በአንድ ቁልፍ ነበር የሚከፈቱት።

«እንግዲያው የቤቱን ይቀይሩልኝ» አለች። «ትንሿን በር ለልጄ ይተዉልኝ።»

«ሌባው ጓሮ ገባ ማለት ነው።»

«ጓሮ ውስጥ ምን አለ? ከሰልና የዳዊት አልጋ ያለባት ክፍል። ከሰሉን ይውሰደው።»

ጋሽ ኑሩ ከዚህ በኋላ አልተከራከራትም። የቤቱን በር ፒኖች ቀየርን። ትንሿ በር ላይ የነበረው መቆለፊያ ግን ዝናብ ሲወርድበት የኖረ፣ ዝጎ ያለቀ ነበር፤ የሻይ ማንኪያም የሚከፍተው ይመስላል። ስለዚህ የዚያኑ ፋብሪካ አዲስ መቆለፊያ ገዝተን፣ ለድሮው ቁልፍ የሚሆን ፒን ልንሞላበት ተስማማን። ጋሽ ኑሩ፣ «የቀረ ቁልፍ አለሽ?» አላት። ገብታ ከቡፌው ውስጥ፣ ለእንግዳ ከሚቀመጡት ብርጭቆዎች ኋላ፣ መቆለፊያው ሲገዛ አብሮ የመጣውን ቁልፍ አመጣች። አንድም ቀን ተይዞ ያልተወጣበት፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። ቁጥሩ ላዩ ላይ በግልጽ ይነበባል።

ጋሽ ኑሩ ትንሹን ሳጥን ከፈተ። ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ በወረንጦ አነሳለሁ፣ እሱ መስታወቱ ላይ አንከባሎ ያስገባል። ሲያልቅ ቁልፉን አዞረው። ምንም ድምፅ አልነበረውም። «እንደ ቅቤ» አለ ደስ ብሎት። በሩ ላይ ገጠምነው። እትዬ ዘነበች ራሷ ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። መረቀችን፤ እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ሰኞ እትዬ ዘነበች ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሱቁ ውስጥ ገባች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ልጄ መጥቶ በሩ እምቢ አለው!»

ይህን የነገረቻት ከትንሿ በር ማዶ በቆሎ የምትጠብሰው ማማ ንጄሪ ናት። ትናንት እሁድ ምግብ ቤቱ ዝግ ሆኖ የግቢው ሰዎች ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሳለን፣ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰው መጣ። ከጀርባው ነው ያየችው። ከአንገቱ ሥር ቁልፍ አወጣ። አስገባ፣ አልዞረለትም። ቁልፉን በሱሪው ጠርጎ እንደገና ሞከረ። በመዳፉ በሩን መታ መታ አደረገ። ማንም ሲጠፋ ሄደ።

«ከአንገቱ ነው ያወጣው» አለች እትዬ ዘነበች። «ሌባ ቁልፍ አንገቱ ላይ ያስራል? ንገሩኝ እስቲ፣ ሌባ ያስራል?»

ሦስታችንም እየሮጥን ሄድን። ጋሽ ኑሩ የቡፌውን ቁልፍ አስገባ። እንደ ቅቤ ዞረ። አወጣው፣ አስገባው፤ ዞረ። ግራ ገባው። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አይቶኝ ኖሮ፣ «ተናገሪ» አለኝ።

«አክስቴ የድሮውን ቁልፍ ይዛለች» አልኩ።

አክስቴ ብርቄ ከወጥ ቤት ተጠራች። ከመቀነቷ ሥር በገመድ የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጣች።

«ይቺ? ይቺማ አሁን የሶዳ መክፈቻዬ ናት። በጭንቅላቷ ነው የምከፍተው፣ ጥርሷን አልነካሁም።»

ጋሽ ኑሩ ተቀብሎ አስገባው። ገባ። አልዞረም። አውጥቶ ጥርሱን ወደ ብርሃን አድርጎ አየው።

«ይህ ከየት ተቀረጸ?» አላት።

«ከዳዊት ጋር አንድ ቀን ነው ያስቀረጽነው፣ ከተማ መንገድ ዳር። ከእትዬ ቁልፍ ላይ።»

የሆነው ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ዘነበች ዓመታት የተገለገለችበት ቁልፍ ጥርሱ አልቆ ነበር። መንገድ ዳር ያለው ማሽን ያለቀውን እንዳለ ገለበጠው፣ የራሱንም ስህተት ጨመረበት። የድሮው መቆለፊያ እሱም ያለቀ ስለነበር ሁሉንም ይቀበል ነበር። እኛ ግን አዲስ መቆለፊያ ውስጥ ለፋብሪካው ቁልፍ ልክ የሆኑ አዲስ ፒኖች ሞላንበት። ማንም ኪሱ ይዞት ለማያውቅ፣ ከብርጭቆ ጋር ለተቀመጠ ቁልፍ የሚሆን በር ሠራን። የዳዊት ቁልፍ ጥርሶች ለእነዚያ ፒኖች ዝቅ ያሉ ነበሩ።

ጋሽ ኑሩ የከሰል ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ዘነበች» አለ። «ስንት ቁልፍ እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ አልጠየቅኩሽም። ያመጣሽልኝን ብቻ አየሁ።»

እትዬ ዘነበች አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «አሁን ያስተካክሉልኝ» አለች ብቻ፣ በቀስታ።

እሱ ግን አልተነሣም፤ «አንቺ ሥሪው» አለኝ። ካሊፐሩን ለእኔ ሰጠኝ። ሱቅ ሄጄ ትልቁን ሳጥን አመጣሁና ጓሮው ውስጥ የምስር ሰፌዴን ገልብጬ እሱ ላይ ሠራሁ። የአክስቴን ቁልፍ ጥርስ አንድ በአንድ ለካሁ። ከጎድጓዳው መሀል ላይ ነው መለካት ያለበት፤ ጥግ ከነኩ ውሸት ይነግራል። ለአንደኛው ጥርስ ከፋብሪካው በትንሹ የረዘመ ፒን መረጥኩ። ለሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ መርጬ ሳስገባ መገናኛው ከጠርዙ በታች ቀረ። አውጥቼ ቀጣዩን ሞከርኩ፤ አሁን ደግሞ በጣቴ ጫፍ ስዳስሰው ከፍ አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን አነሳሁ፤ ጣቴ ምንም አልዳሰሰም። ትንሹ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ መካከል የለም። ጋሽ ኑሩ ከማዳበሪያው ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር።

ስጨርስ የአክስቴን ቁልፍ አስገብቼ አዞርኩ። ዞረ። ጥርሱ በሸካራ ማሽን የተቆረጠ ስለሆነ ፒኖቹ ሲረግጡት ቅርቅርቅር የሚል ድምፅ አሰማ፤ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል።

እትዬ ዘነበች ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ጓሮ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። አክስቴ፣ «እትዬ፣ እግዜሩም እኮ ይቀየማል» ስትላት፣ «እሱ ቤቴን ያውቀዋል፣ እዚህ ይምጣ» ትላለች። ለማማ ንጄሪም ቃል አስገባቻት፣ ሰውየውን ካየሽ ጥሪልኝ ብላ። ዝናቡ ገብቶ ወጣ። ጋሽ ኑሩ ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ ሳጥን ከመክፈቱ በፊት፣ «ቤት ውስጥ ስንት ቁልፍ አለ? ማን ማን ይዞታል? ሁሉንም አምጡልኝ» የሚል ሆነ። የተናደዱም ነበሩ። «የእኔን የቤተሰብ ጉዳይ ምን አገባህ!» ያሉት አሉ። እሱ ግን ጥያቄዋን አልተዋትም።

አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋሽ ኑሩ የጾሙን እየበላ፣ እኔ ከአክስቴ ጋር ወጥ ቤት ሆኜ፣ እትዬ ዘነበች ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ከጓሮ ድምፁ መጣ። ቅርቅርቅር።

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ሽንኩርቱ አስቀድሞ ዓይኗን አስለቅሶት ነበር፤ በእንባዋ መሀል እየሳቀች ወጣች። እኛም ተከተልናት።

በሩ ተከፍቷል። የቆመው ግን ዳዊት አልነበረም። ጉንጩ የገባ፣ ኮፍያ ያደረገ የማናውቀው ወጣት ነው። በእጁ ቁልፉን ይዟል። ቁልፉ የታሰረበት ጥቁር ክር ከነመስቀሉ በጣቶቹ መሀል ተንጠልጥሏል።

የዳዊት ማተብ ነበር። ማተብ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ከአንገቱ አይፈታውም።

እትዬ ዘነበች ክሩን አየችው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ፤ አልወደቀችም።

ወጣቱ፣ «እናቴ... እኔ ደምሰው እባላለሁ... ከዳዊት ጋር...» አለ።

«ቆይ፣ አትንገረኝ» አለችው። «መጀመሪያ ተቀመጥ። በልተሃል?»

ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ብርቄ፣ ለልጁ አቅርቢለት» አለች። እሱ እስኪበላ ድረስ ፊት ለፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ጋሽ ኑሩ ከኋላ ሆኖ በከንፈሩ የራሱን ጸሎት ይል ነበር። ደምሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና አቃተው። ከዚያ ነገራት። መንገድ ላይ አንድ ላይ ታስረው ነበር። ዳዊት በትኩሳት ታመመ። መጨረሻ ላይ ማተቡን ራሱ አውልቆ በደምሰው አንገት ላይ አደረገው። «ናይሮቢ ከደረስክ እናቴ ጋ ሂድ፤ ባትኖርም ግባ» ብሎ፣ ቤቱን በምልክት ነግሮት ነበር።

«አንድ እሁድ መጥቼ ነበር» አለ ደምሰው አንገቱን ደፍቶ። «በሩ እምቢ ሲለኝ፣ የነገረኝ ሁሉ በትኩሳቱ መሰለኝ። ኢስሊ ሰፈር ሄጄ ሸክም ስሸከም ቆየሁ። ወረቀት የለኝም፣ እንደገና ለመምጣት ፈራሁ። ዛሬ በዚህ ሳልፍ በቆሎ ጠባሿ ጃሪቡ ቴና፣ ጃሪቡ ቴና ብላ ጮኸችብኝ።» በስዋሂሊ እንደገና ሞክር ማለቷ ነው።

ያ ሁሉ ወር፣ ከዚያ እሁድ ጀምሮ፣ እትዬ ዘነበች ልጄ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ እያለች ስትጠብቅ የኖረችው በእኛ ፒኖች ጥፋት ነው። ጋሽ ኑሩ ቀረብ ብሎ ሊናገራት አፉን ከፈተ። እሷ ቀድማ እጇን ትከሻው ላይ አደረገችና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ከፈተ አይደል?» አለችው።

ድንኳን ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ የዳዊት ፎቶግራፍና ማተቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ማማ ንጄሪ ምድጃዋን አጥፍታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ለቅሶው ሲያበቃ ደምሰው ቁልፉን አምጥቶ ለእትዬ ዘነበች ዘረጋላት። ማተቡን ፈትታ ወሰደች፤ ቁልፉን መለሰችለት። «እሱ ሰጥቶሃል፤ እኔ አልቀማህም» አለችው። እስከ ዛሬ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል፣ ቀን ቀን በምግብ ቤቱ ይሠራል።

ጋሽ ኑሩ ብዙ ሳይቆይ ሞያሌ ልጁ ጋ ሄደ። ሁለቱን ሳጥን፣ ካሊፐሩንና መስታወቱን ለእኔ ተወልኝ። ሲሰናበተኝ ምክር ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ስንት ቁልፍ እንዳለ ጠይቂ፤ ሳጥኑን ከዚያ በኋላ ክፈቺ» ብሎኝ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ሱቁን የተረከበኝ ሰው ይህን ካነበበ መልሴ ይኸው ነው። ሁለቱንም ግዛ። የትኛውን እንደምትከፍት የሚነግሩህ ግን ቁልፍ የያዙት ሰዎች ናቸው።

እጄ እምቢ ብሎኝ ሱቁን ላስረክብ ስል የሠራኋቸውን በሮች እየዞርኩ አየሁ። መጨረሻ የሄድኩት ትንሿ በር ጋ ነው። ወረቀቱን ጠቅልዬ የእርሳሱን ዱቄት እፍ ልልበት ስል እትዬ ዘነበች ከወጥ ቤት ወጣች።

«ምንድነው እሱ?»

«የእርሳስ ዱቄት ነው እትዬ። ያለሰልሰዋል፣ ድምፁንም ይቀንሰዋል።»

«ተዪው» አለችኝ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩን አየችው። «ደምሰው ሲገባ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ቁልፉ ገብቶ በሩ እስኪከፈት ድረስ ያለችውን ቅጽበት ታውቂያታለሽ? እሷን አትውሰጂብኝ።»

ዱቄቱን ወደ ብልቃጡ መለስኩት።